የልጄ ሃያ መስመር

ሰኞ 3

ገዢው ሁለተኛውን መኪና ቲማቲም መለሰብን። "መድኃኒት በዝቶበታል" አለ አሉ። ቲማቲሙ ቀይ ነው፣ ድፍን ነው፣ አንድ ትል አልነካውም። እሱ ግን ፈጭቶ፣ አጣርቶ፣ በመሣሪያ አይቶ ዓይን የማያየውን አገኘበት። የሚታየውን ትል ብንገድልለት የማይታየውን መድኃኒት ቆጠረብን። ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሰበሰበን። የአትክልት አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበር ገና ልጅ እግር ነው፣ ስብሰባ ነፍሱ ነው። "ሌላ መንገድ እንሞክር" አለ። ሌላው መንገድ ማን ሆኖ ተገኘ? የገዛ ልጄ። ስለ ተባይ ተምራ፣ በዚያው ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ጨምራ፣ ትል የሚገድል አዲስ መድኃኒት አለኝ ብላ ጽፋለት ኖሯል። ለእሱ ጽፋ ለእኔ አልጻፈችም።

የጋራ ማሳችን አርባ መስመር ቲማቲም ነው። ሃያው ለእሷ፣ ሃያው ለእኔ ተባለ። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አባላቱ መጥተው አይተው እጅ ያወጣሉ። የእሷ መስመር ከዳነ ማኅበሩ በእሷ መድኃኒት ይሄዳል፣ እሷም ባለሙያ ሆና እዚሁ ትቀጠራለች። ካልዳነ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች።

ሃያ ስምንት ዓመት የዚህ ማኅበር የርጭት ኃላፊ ነኝ። ስሜን ረስተው "ጋሽ መርጫ" ነው የሚሉኝ። ጠርሙሱን ሳላይ በጠረኑ ብቻ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ እናገራለሁ። ዛሬ ከልጄ ጋር እሽቅድድም ገባሁ። ዕድሜ ደጉ ስንቱን ያሳያል።

ረቡዕ 5

መጣች። አንድ ሻንጣ፣ ሁለት የበረዶ ሳጥን። ሻንጣውን ሹፌሩ ወረወረው፣ ሳጥኖቹን ግን እሷ ናት አቅፋ ያወረደችው። እናቷ አልጋ አንጥፋ ሁለት ቀን በር በሩን ስታይ ከርማለች። ልጅት ስማን ጨርሳ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። ወተቱንና ሥጋውን አውጥታ በከረጢት የታሸገ ዱቄቷን ደረደረች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሕያው መድኃኒት ነው አባዬ። ፈንገስ ነው። ትሉ ላይ ሲያርፍ ቆዳውን በስቶ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል።"

"በስንት ሰዓት?"

"ከአምስት እስከ አሥር ቀን።"

ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። የእኔ ጠዋት ተረጭቶ ከምሳ በፊት ያነጥፋቸዋል። በአሥር ቀንማ ትሉ ቲማቲሙን ጨርሶ፣ ተድሮ፣ ወልዶ ይሄዳል። እንዲህ አልኳት። እናቷም ሳቀች፣ ኋላ ልጅቷን ስታይ አቆመች።

በእኔ መርጫ አልረጭም አለች። "ውስጡ የቀረ ነገር አለ፣ ይገድላቸዋል።" ይገድላቸዋል አለች፣ የሰው ልጅ ይመስል። እኔ ያንን መርጫ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ነው የማለቀልቀው። አዲስ ይዛ መጥታለች።

አንድ ወረቀትም ሰጠችኝ። "አንብበው፣ አንድ ገጽ ነች።" መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ስምንት ዓመት የረጨ ሰው ወረቀት ያነባል እንዴ?

ዓርብ 7

እኔ በጠዋት ረጨሁ። እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች። ለምን ቢሏት ፀሐይ መድኃኒቷን ትገድልባታለች። ፀሐይ የምትገድለው ነገር ትል ሊገድል!

ቅዳሜ 8

የእኔ ደንብ የታወቀ ነው። ረጭቼ ማግስቱን ነጭ ጨርቅ ከመስመሩ ሥር አነጥፋለሁ፣ ግንዱን መታ መታ አደርጋለሁ፣ የወደቀውን ሬሳ ቁርስ ሳልበላ እቆጥራለሁ። አባላቱም ይህን ያውቃሉ፣ ቁጥሩን ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው አይገቡም። ዛሬ በአንድ መስመር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

ለእሷም አነጠፍኩላት። ሁለት። አንዱ ጉንዳን ነው።

"በጨርቅ አይቆጠርም አባዬ። የእኔዎቹ አይወድቁም፣ ቅጠሉ ላይ እንደተጣበቁ ነው የሚሞቱት። ቅጠሉን እይ።"

የማይወድቅ ሬሳ። ይህንንም ሰማን።

ማክሰኞ 11

የተባይ መድኃኒት ሻጩ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፦ "ጋሼ፣ ልጅዎ ትሎቹን እየገደለቻቸው ነው ወይስ እያስተማረቻቸው?" አለኝ። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አልፌም "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አልኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ናት። ባልዲ ልትገዛ መጥታ ኖሯል። ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

በሰው ፊት ማለት አልነበረብኝም። ግን ውሸት አልተናገርኩም።

ሐሙስ 13

በእኔ መስመሮች ትል ተመልሷል። ትናንሽ፣ አዲስ። ድሮ አንድ ርጭት ሦስት ሳምንት ያቆይ ነበር፣ አሁን ሳምንት አልሞላም። መድኃኒቱን ድሮ እንደነበረው አይሠሩትም፣ ውሃ ይጨምሩበታል፣ ሌቦች። መጠኑን በግማሽ ከፍ አድርጌ ደገምኩ።

ማታ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ብርጭቆው ያዳልጣል። ጣቶቼ እንደ ወትሮው ትንሽ ደንዝዘዋል፣ ብርድ ነው። ሚስቴ ስብርባሪውን እየጠረገች "ይህቺ ልጅ ይሄን ትምህርት ለማን ብላ የተማረች ይመስልሃል?" አለችኝ።

"ለወረቀቱ ነዋ።"

መጥረጊያውን ትታ ወጣች። የቀረውን እኔ ጠረግሁ። ደንዛዛ ጣት ስብርባሪ ሲወጋው አያውቅም፣ ደሙን ያየሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ 15

እንደው ለወጉ የእሷን መስመር ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ትሎቹ አሉ። ቁጭ ብለዋል። ግን አይበሉም። በጣቴ ነካ አደረግሁ፣ አይሸሹም። ሰነፍ ትል አይቼ አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ ቀዳዳ ያልወጣበት ቅጠል አለ። ጠግበው ይሆናል።

እሷ በእያንዳንዱ ተክል ሥር ቁጢጥ ብላ፣ በማጉያ መነጽር እያየች ትስቃለች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው። ምን ያስቃታል?

ሰኞ 17

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው፣ ኋላ ጠያቂ ሲመጣ እንዳላዛባው። ጠያቂ አይመጣም እንጂ።

ልጄ ቅጠልና ፍሬ ለላብራቶሪ ልታደርስ ከተማ ሄደች፣ የምትመለሰው ሐሙስ ነው። ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ ደወለ፦ "ጋሼ፣ ነገ ጥቂት አባላት በማሳው በኩል ያልፋሉ፣ ያው ለማየት ያህል።" እኔም ሄጄ ላየው ወጣሁ። የእሷ መስመር መሃል ስደርስ ቆምኩ።

ነጭ ነው። ቅጠሉ ላይ ያሉት ትሎች ሁሉ ነጭ ጸጉር አውጥተዋል። ዳቦ ሲሻግት እንደሚያወጣው ያለ። አንዱን ጫር ሳደርገው ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። ቀጣዩ ተክልም ነጭ። ሃያው መስመር ሁሉ እንደዚያው።

ሻጋታ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ማሳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥቁር አድርጎ የበላው ሻጋታ ነው፤ ያኔ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ይህቺ ልጅ ትል ልታጠፋ መጥታ በሽታ ዘራችብን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ነገ ደግሞ አባላቱ ያዩታል። በአንድ ቀን ውስጥ ስሟ ከመድኃኒት ሻጩ ሱቅ እስከ ገዢው መጋዘን ይዳረሳል። "የጋሽ መርጫ ልጅ ማሳ አሻጋተች።"

ብዙ አላሰብኩም። መጀመሪያ ነጭ ያወጣውን ቅጠል ሁሉ ከነትሉ ለቀምኩ። አንድ ጆንያ ሞላ፣ ጠቅጥቄው ነው የዘጋሁት። ከአጥሩ ጥግ ቀበርኩት። ከዚያ የሻጋታ መድኃኒት በጥብጬ፣ መጠኑን እጥፍ አድርጌ፣ ሃያውንም መስመር ከላይ እስከ ታች ረጨሁ። በእኔ መርጫ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ግን አንድም ቅጠል አልዘለልኩም።

የሞቱ ትሎች ብዙ ነበሩ። አልቆጠርኳቸውም። ጨርቁ ላይ ስላልወደቁ አይቆጠሩም።

ለእሷ ስል ነው ያደረግሁት። ማንም አባት የሚያደርገው ነው። ብነግራት ታፍራለች፣ ስለዚህ አልነግራትም። ለእሷ ስል ነው።

ማክሰኞ 18

አባላቱ መጥተው አዩ። "ንጹሕ ነው" አሉ። ደግ አደረግሁ።

ሐሙስ 20

ተመለሰች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ማሳ ገባች። አንድ ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው።

"አሁን ነጭ መልበስ ነበረባቸው" አለች ለእናቷ። "ከመሄዴ በፊት መብላት አቁመውልኝ ነበር። የት ሄዱ?"

ወሬው ለእኔ አልነበረም፣ ስለዚህ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሾርባዬን ጠጣሁ።

ሰኞ 24

በእሷ መስመር አዲስ የተፈለፈሉ ትሎች ወጥተው እየበሉ ነው፣ እነዚህ ሰነፎች አይደሉም። ቅዳሜ ማታ ደግማ ረጭታ ነበር። ምንም። ዛሬ አንዷን ፍሬ ስትገምሳት ውስጧ ትል ነው። ፍሬዋን መሬት ላይ አልጣለችም፣ ኪሷ ከተተቻት።

አጥሩ ጋ ቆሜ ሳለሁ መጣች።

"አባዬ፣ እኔ በሌለሁበት እዚህ ሌላ ነገር ተረጭቷል?"

"ምን ይረጫል?"

"እንጃ። ቅጠሉ ላይ የሆነ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል። ምናልባት እኔ ዱቄቱን ሳመጣ በመንገድ ሞቶብኝ ይሆናል።" ከዚያ "የእኔ ጥፋት ነው የሚሆነው" አለች። አንገቷን ደፍታ ነበር።

አይዞሽ አልኳት። አይዞሽ ማለት ቀላል ነው፣ ዋጋ የለውም።

ረቡዕ 26

መሳቢያ ውስጥ ባትሪ ስፈልግ ያ ወረቀት ወጣ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ለሚስቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቃል በቃል ነው የምታነበው።

"ትሉ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መብላት ያቆማል። ከሞተ በኋላ በሬሳው ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። ይህ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳይ ነው። ነጩ ዱቄት ወደ ሌሎች ትሎች ስለሚተላለፍ ሬሳውን አያንሱ። የሻጋታ ማጥፊያ በምንም መልኩ አይርጩ፤ ሕያው ፈንገሱን ይገድላል፣ ቅጠሉ ላይ ቆይቶም ቀጥሎ የሚረጨውን ያጠፋል።"

ሚስቴ መነጽሯን አወለቀች። "ምነው? ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"ፊትህ አመድ መስሏል።"

ባትሪውን አግኝቼ ወጣሁ። ባትሪውን ለምን እንደፈለግሁት እንኳ ረስቼዋለሁ። እስካሁን እጄ ላይ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት። በጠረኑ ለይቼ እናገራለሁ። ጋሽ መርጫ! አንድ ገጽ ወረቀት ያላነበበ ደንቆሮ።

ሐሙስ 27

ጠዋት ልነግራት ነበር። ቁርስ ላይ ስልክ ይዛ ነበር። ምሳ ላይ እናቷ ነበረች። ማታ ራሴን አመመኝ።

ዓርብ 28

አልነገርኳትም። ነገ በሰው ፊት እናገራለሁ። ያዋረድኳት በሰው ፊት አይደል? እንዲህ ይሻላል። ወይስ ዓይኗን እያየሁ መናገር ፈርቼ ነው? ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ 29

ሠላሳ ሰባት አባላት መጡ። መጀመሪያ የእኔን መስመሮች ዞሩ። ትል አላቸው፣ ግን ይሻላሉ፣ ትናንት ደግሞ ረጭቼ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ሄዱ። አንዱ ፍሬ አፍርጦ ትሉን ለሚስቱ አሳያት።

ልጄ ፊታቸው ቆማ፦ "ለምን እንዳልሠራ አላውቅም። በስምንተኛው ቀን ምልክቱ ጥሩ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለች። ድምጿ አልተሰበረም። ጎበዝ ናት። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ጎበዝ ናት።

ሊቀመንበሩ "እንግዲህ እጅ እናውጣ" ሲል ተነሣሁ።

"ቆይ። የተሳሳተችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ሻጋታው መድኃኒቱ ነበር። በሽታ መስሎኝ ለቅሜ ቀበርኩት፣ በላዩ የሻጋታ መድኃኒት እጥፍ አድርጌ ረጨሁበት። ሰኞ አሥራ ሰባት። ትሎቹ ሞተው ነበር፣ አንድ ጆንያ ሙሉ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከዚያ አንዱ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ሌላው። መድኃኒት ሻጩም ከኋላ ቆሞ ነበር፣ ምን እንደጠራው አላውቅም። "እኔ ጋሼን አሥራ አምስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። መድኃኒት ተሳስተው አያውቁም" አለ። በሕይወቴ ያመሰገነኝ ዛሬ ብቻ ነው።

"ኑና እዩ" ብዬ አካፋ ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ። ከኋላዬ የመጡት አምስት ሰዎች ናቸው። ጆንያውን አውጥቼ ፈታሁት። ጥቁር ጭቃ ነው፣ ይሸታል። ትሉ ከቅጠሉ አይለይም። "የበሰበሰ ቅጠል ነው ጋሼ" አለኝ አንዱ በአክብሮት፣ አፍንጫውን እየያዘ።

ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዝ አድርጎ ወደ ጥላው ወሰደኝ። "ጋሼ፣ ይገባናል። አባት ነዎት። እኔም ልጅ አለኝ፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው።"

"እውነቴን ነው የምልህ!"

"አውቃለሁ ጋሼ፣ አውቃለሁ።" ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ወር ሙሉ ስዋሽ አምነውኝ ነበር። አንዲት እውነት ብናገር የአባት ፍቅር ነው ብለው አዘኑልኝ። እጅ ወጣ። ሠላሳ አንድ ለድሮው መድኃኒት። ስድስት እጅ አላወጡም። ገዢው የሚመልሰውን መኪና ከአሁኑ መቁጠር ይችላሉ፣ ደንቆሮዎች። የደንቆሮዎቹ አለቃ ግን እኔ ነኝ።

ልጄን ፈለግኋት። ጥጉ ላይ፣ የተፈታው ጆንያ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጭቃውን በእንጨት እያገላበጠች ነበር። ከመሃሉ አንድ የትል ሬሳ አነሣች፣ በማጉያው አየችው፣ ወደ እኔ ቀና አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት።

እሁድ 30

ዛሬ ማለዳ ዕቃዋን አሰረች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። መጥታ የማሳውን የርጭት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ፣ የሃያውን መስመር ገጽ ነው። አንዱ ቦታ ባዶ ነው፣ ሰኞ 17።

"ሙላው አባዬ። መዝገቡ ካልተሟላ የሚቀጥለው የሚሞክር ሰው ይሄ ፈንገስ አይሠራም ብሎ ይተወዋል።"

ጻፍኩ። ቀን፦ 17። መድኃኒት፦ የሻጋታ ማጥፊያ። መጠን፦ እጥፍ። የረጨው ሰው፦ እኔ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ብርድ አይደለም። "ምክንያት" የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ አሰብኩና "ልጄን ከውርደት ለማዳን" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ይሄ ምክንያት አይደለም አባዬ። አስበህልኝ ቢሆን ትደውልልኝ ነበር። ስልኬ ክፍት ነበር።"

እውነት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳ ክፍት ነበር፣ ስልኬም ኪሴ ውስጥ ነበር። አንዲት ጥያቄ ነበረች የምታስፈልገኝ፦ ልጄ፣ ይሄ ነጩ ነገር ምንድን ነው? ያቺን ጥያቄ ጠይቄ ከማወቅ አንድ ጆንያ ሻጋታ መቅበር ቀለለኝ።

እስክሪብቶውን መልሳ ሰጠችኝ። የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከላዩ "አላመንኳትም" ብዬ ጻፍኩ።

ጎንበስ ብላ አነበበች። "አሁን ትክክል ነው" አለች። ከሥሩ ፈርማ መዝገቡን ዘጋችው፣ ሳጥኖቿን አንድ በአንድ አቅፋ ወደ መኪናው ወሰደች። ልርዳሽ ብላት "ይከብድሃል" አለችኝ።